ከወጡ የሚጀምር አስቤዛ

ደመወዝ በተከፈለ ሳምንት ቅዳሜ ጠዋት የወፍጮ ቤቱ ሰልፍ ረዥም ነው። ኮልፌ ውስጥ ባለው በዚህ ወፍጮ ቤት ደጃፍ የተደረደሩት ማዳበሪያዎች አፋቸው እስኪፈታ ድረስ ሁሉም አንድ ናቸው። ሲፈቱ አንዱ ማኛ ጤፍ ብቻ፣ ሌላው ሰርገኛ፣ ሌላው ድብልቅ ሆኖ ይገኛል። በአንድ መሥሪያ ቤት በጽዳት የምትሠራ የሦስት ልጆች እናት ያመጣችው ድብልቅ ነው፤ ዐሥር ኪሎ ቀይ ጤፍ፣ አምስት ኪሎ ማሽላ፣ ሦስት ኪሎ ሩዝ። ከጎኑ ሁለት ፌስታል አስቀምጣለች። በአንዱ ተለቅሞ፣ ታምሶና ተከክቶ ከቅመሙ ጋር የተመጠነ የሽሮ እህል አለ። በሌላው ያለው ለትንሿ ልጇ ገንፎ የሚሆን፣ ቅመም ያልገባበት ምጥን ነው።

«ልጄ፣ ይቺን በርበሬ በተፈጨበት እንዳታስገባብኝ፤ የሕፃን ናት» አለችው ወፍጮው ላይ ለቆመው ወጣት።

«አውቃለሁ እናቴ፣ ከጤፉ ቀጥሎ አስገባታለሁ» አላት።

ከኋላዋ የተሰለፈች ጎረቤቷ ማዳበሪያውን አየት አድርጋ፣ «ቀይ ጤፍ ላይ ማሽላ ጨምረሽበት ምን ሊመስልልሽ ነው?» አለቻት።

«እንጀራዬ ቢጠቁር ማን ያየኛል? ወጡ ሲቀጥን ግን ልጆቼ ያውቃሉ።»

በትንሽ ገንዘብ ቤተሰብን በደንብ የመመገብ ነገር ያለው እዚህች መልስ ውስጥ ነው ብዬ አምናለሁ። በብዙ የአዲስ አበባ ቤቶች የወሩ አስቤዛ ሲታሰብ ቀድሞ የሚነሳው ጤፍ ነው። ዘይት፣ ሽንኩርት፣ ከሰልና ስኳር ይከተላሉ፤ ምስሩ፣ ጎመኑና እንቁላሉ በተረፈው ይገዛሉ። ገንዘቡ ሲያጥር የሚጎዳው ሰልፉ መጨረሻ ላይ ያለው ነው። እንጀራው በቁጥሩ ይቆያል፣ ሽሮው ውኃ ይበዛበታል፣ ጎመኑ በየሳምንቱ የነበረው በየሁለት ሳምንቱ ይሆናል። የብር ምንዛሪ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ይህ ስሌት ይበልጥ ጠቧል። እኔ የምለው ሰልፉ ይገልበጥ ነው፤ መጀመሪያ የወጡ ገንዘብ ይቀመጥ፣ እንጀራው በቀረው ይታሰብ።

የነገሩን ክብደት የሚያሳየው ስለ ሕፃናት አመጋገብ የተሰበሰበው አኃዝ ነው። በ2011 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 37 በመቶው የቀነጨሩ ነበሩ። ከዚያ በፊት በ2008 ዓ.ም. የተሠራው ጥናት ደግሞ ከ6 እስከ 23 ወር ዕድሜ ካላቸው ልጆች ለዕድሜያቸው የሚገባውን ዝቅተኛ አመጋገብ ያገኙት 7 በመቶ ብቻ እንደሆኑ አሳይቷል። የቀነጨረ ልጅ ሁሉ ተርቦ ያደረ ልጅ አይደለም። ብዙዎቹ በልተዋል፤ የበሉት አንድ ዓይነት ነበር።

እንጀራና ሽሮ አብረው ሲቀርቡ የሚሆነውን ልብ እንበል። ፕሮቲን የሚሠራው አሚኖ አሲድ ከሚባሉ ክፍሎች ነው። ማሽላ፣ ሩዝና በቆሎ ላይሲን የሚባለው ያንሳቸዋል፤ ጤፍ ከእነሱ ይሻላል። ምስር፣ አተር፣ ባቄላና ሽምብራ ላይሲን ሞልቷቸው ሜቲዮኒን የተባለው ይጎድላቸዋል፤ ያንን ደግሞ እህሉ ይሞላል። 100 ግራም ደረቅ ምስር 24 ግራም ያህል፣ ባቄላ 26 ገደማ ፕሮቲን አለው፤ ያልበሰለ ቀይ የበሬ ሥጋ 20 ያህል። ምስሩ ሲበስል ውኃ ስለሚጠጣ በጭልፋ ሲለካ መጠኑ ይወርዳል። በብር ሲታሰብ ግን ጥራጥሬን የሚስተካከል የለም፤ ብረት፣ ዚንክና ፎሌትም ይዞ ይመጣል።

ችግሩ ሽሮ ዓይንን መሸወድ መቻሉ ነው። ለአምስት ሰው አንድ ሲኒ ሽሮ ቢበጠበጥም ሁለት ሲኒ ቢበጠበጥም ድስቱ እኩል ሊሞላ ይችላል። ቀለሙ አንድ ነው፣ ሽታው አንድ ነው፤ እንጀራው ላይ ሲፈስም ሁለቱም ያርሱታል። የመጀመሪያው ድስት ከሁለተኛው ግማሽ ምግብ ብቻ እንዳለው የሚናገር ምልክት የለም። የወፍጮ ቤቷ እናት ሽሮ የምትሰፍርበት የተለየ ሲኒ አላት፤ ሰው ሲጨምር ውኃ ከመጨመሯ በፊት ሲኒውን ትቆጥራለች። ወሩ ሲገባ ስንት ሲኒ እንደሚያስፈልጋት አስልታ ያንን ያህል ታስፈጫለች። ለእኔ ዕቅድ ማለት ይህ ነው።

ስለ ጤፍ እውነቱን መናገር ያስፈልጋል። ቀይ ጤፍ በብረት የታወቀ ነው። ይሁንና ብረቱ ውስጥ ከአውድማው አፈር ጋር የመጣ አለበት፤ እሱን ሰውነት በቅጡ አይጠቀምበትም። የጤፍ ትልቁ ጥቅም የሚገለጠው ቡኮው ውስጥ ነው። እርሾ ገብቶበት ሁለት ሦስት ቀን ሲቦካ፣ ብረትና ዚንክን አስሮ የሚይዘው ፋይቴት የሚባለው ንጥረ ነገር እየፈረሰ ይሄዳል። ስለዚህ በደንብ የቦካ እንጀራ በችኮላ ከተጋገረው ይበልጥ ይመግባል፤ ይህ ደግሞ ተጨማሪ ሳንቲም አይጠይቅም። ድብልቅ ሲደረግ የሚቀር ነገር አለ። የተፈተገ ሩዝ ከጤፍ ያነሰ ብረትና ካልሲየም ነው ያለው፤ ማሽላ የበዛበት እንጀራም ቶሎ ይደርቃል። የተረፈው ገንዘብ ወደ ጥራጥሬና ጎመን ካልሄደ ቤቱ ከሁለት አንዱንም ሳያገኝ ይቀራል። ዋጋ ለመቀነስ ብለው ደባልቀው የተረፈውን በስኳርና በለስላሳ የሚያወጡ ቤቶችን አይቻለሁ፤ ያሳዝነኛል።

ጥራጥሬውን ከየት? ከሰፈር ሱቅ በሩብ ኪሎ መግዛት፣ በተለይ በዱቤ ሲሆን፣ ድሃን ከሚያደኸዩ ነገሮች አንዱ ነው። በኮልፌው ሰፈር ያሉ ሴቶች እቁብ ጥለው ኩንታል ይገዛሉ። አንዷ ዋጋ የምታውቅ መርካቶ እህል በረንዳ ትሄዳለች፤ ኩንታሉ ሰፈር ሲደርስ በኪሎ ይካፈሉታል። የጋሪና የተሸካሚ ሒሳብ ለአንድ ቤት ከባድ ነው፤ ለስድስት ቤት ሲካፈል ይቀላል። የሸማቾች ማኅበር ሱቅና የእሁድ ገበያም ይረዳሉ፤ ግን ጠዋት ያልደረሰ ሰው ደህናውን አያገኝም።

ተፈጭቶ የሚሸጥ ሽሮ ሲገዙ መጠንቀቅ ያሻል። ከአተርና ከሽምብራ ይልቅ ጓያ ርካሽ በመሆኑ ይደባለቅበታል። ጓያ አልፎ አልፎ በትንሹ ቢበላ አያስፈራም። ለወራት ዋና ምግብ ሲሆን ግን እግርን ሽባ የሚያደርግ በሽታ ያመጣል፤ በሰሜን በተለይ በደንቢያና በፎገራ በኩል ብዙ ገበሬ ያሽመደመደው በድርቅና በችግር ዘመን ሌላ እህል ሲጠፋ ነው። ድርቅን የሚችል ሰብል ስለሆነ የሚተርፈው እሱ ነበር። እህሉን በዓይኗ አይታ፣ ለቅማ የምታስፈጭ እናት ይህ ሥጋት የለባትም። ጓያ ገዝቶ ለሚያስፈጭም ቢሆን አስቀድሞ ዘፍዝፎ ውኃውን መድፋት ጉዳቱን ይቀንሳል።

አሁን ደግሞ ማገዶ። የምግብ በጀት ሲባል ከሰሉ ይረሳል፤ ባቄላ በከሰል ለሦስት ሰዓት ሲንተከተክ ግን የባቄላው ዋጋ እጥፍ ይሆናል። መላው ማታ መዘፍዘፍ ነው። ባቄላ፣ ሽምብራና አተር ሌሊቱን ውኃ ውስጥ አድረው ጠዋት ውኃው ተደፍቶ በአዲስ ውኃ ሲቀቀሉ ቶሎ ይበስላሉ፤ ሆድ የሚነፋውም ነገር ይቀንሳል። አንድ ቀን በርከት አድርጎ መቀቀልም ያዋጣል። የእሁድ ንፍሮ ግማሹ በዚያው ቀን ይበላል፤ የቀረው ሰኞ በሽንኩርትና በቲማቲም ቁሌት ወጥ ይሆናል። ንፍሮ ለልጅ መክሰስ ሲሆን ከብስኩት የማይወዳደር ምግብ ነው።

በቆልት ደግሞ እየተረሳ መሆኑ ይቆጨኛል። ባቄላውን አንድ ሌሊት ዘፍዝፎ፣ አጥልሎ፣ በንጹሕ እርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ ሁለት ሦስት ቀን ማስቀመጥ ብቻ ነው። ጎንቆል ሲያወጣ ፋይቴቱ ይቀንሳል፤ በደረቁ እህል ውስጥ የሌለ ቫይታሚን ሲ ይፈጠርበታል። አትክልት በተወደደበት ሳምንት ከአንድ ኪሎ ባቄላ ሁለት ዓይነት ምግብ ይወጣል ማለት ነው። ጥሬውን ሳይሆን አብስሎ መብላት ይገባል።

ስለ ሽንኩርት ሐሳቤን ልናገር። ቀይ ሽንኩርት በክረምት ሲወደድ ቤቱ ሁሉ ይጨነቃል፤ ያለ ሽንኩርት ወጥ ወጥ አይመስለንምና። ከሚሰጠው ምግብ አንጻር ሲታይ ግን በጣም ውድ ነገር ነው። ቁሌቱን በግማሽ ሽንኩርት ጀምሮ ቀሪውን ገንዘብ ወደ አንድ እስር ጎመን ማዞር ጣዕሙን ትንሽ ይቀንስ እንጂ ቤቱን አይጎዳም። ነጭ ሽንኩርት፣ ኮረሪማና በሶብላ ብዙውን ይሸፍናሉ።

ጎመን በጉልት ከሚገኘው ሁሉ ርካሹ ሀብት ነው። ቫይታሚን ኤ የሚሆነው ንጥረ ነገር፣ ቫይታሚን ሲ፣ ፎሌትና ካልሲየም አለው። ስናበስለው ግን ግማሹን እንደፋዋለን። አብዛኛው ቤት በብዙ ውኃ ቀቅሎ፣ ጨምቆ፣ አረንጓዴውን ውኃ አፍስሶ ነው የሚሠራው፤ ከውኃው ጋር ቫይታሚን ሲውና ፎሌቱ አብሮ ይሄዳል። ሳይከተፍ በብዙ ውኃ አገላብጦ ማጠብ፣ ከዚያ ከትፎ በጥቂት ውኃና በአንድ ማንኪያ ዘይት ክዳን ገጥሞ ማብሰል ይሻላል። ዘይቱ ለጣዕም ብቻ አይገባም፤ ቫይታሚን ኤ የሚሆነውን ነገር ሰውነት የሚወስደው ከቅባት ጋር ነው። ካሮትና ዱባም እንዲሁ። ዱባ ወጥ በከተማ የድሃ ምግብ ተብሎ መናቁ በጣም ያናድደኛል፤ አንድ ዱባ ተቆርጦ ቤተሰብን ለብዙ ቀን ያበላል፣ ሲቀቀል በቶሎ ስለሚለሰልስም ማገዶ አይበላም።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ነገር ብዙዎችን ቅር ያሰኛል። ሻይ በዳቦ የከተማ ልጅ ቁርስ ሆኗል፤ ለትልልቆቹ ደግሞ ከምሳ በኋላ ቡና አይቀርም። ሻይና ቡና ከጥራጥሬና ከእህል የምናገኘውን ብረት አስረው ሰውነት እንዳይወስደው ያደርጋሉ። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 57 በመቶው የደም ማነስ ነበረባቸው። ቡናውን ተው ማለቴ አይደለም፤ ከምግቡ በኋላ አንድ ሁለት ሰዓት ይቆይ። የልጁ ቁርስ ደግሞ ቂንጬ፣ በሶ ወይም የትናንቱ ወጥ የተነካካው ፍርፍር ይሁን። ከምስር ወጥ ጎን የሚቀርብ የቲማቲም ሰላጣ በቃሪያና በሎሚ ግን ተቃራኒውን ይሠራል፤ ቫይታሚን ሲው የምስሩን ብረት ሰውነት እንዲወስደው ይረዳል። አንድ መደብ ቲማቲምና ሁለት ሎሚ ማለት ያንን ምስር ይበልጥ ምግብ ማድረግ ነው።

ሥጋው፣ እንቁላሉና ወተቱስ? ቫይታሚን ቢ12 በተፈጥሮው የሚገኘው ከእንስሳት ምግብ ብቻ ነው፤ ጥራጥሬ ይህን አይተካም። ስለዚህ በጠበበ ቤት ጥያቄው ለሁሉም እንዴት ይዳረስ የሚለው ሊሆን አይገባውም፤ ማን ይቅደም ነው። የሚቀድሙት ነፍሰ ጡሯ፣ የምታጠባዋና ከሁለት ዓመት በታች ያለው ልጅ ናቸው። የኛ ትሪ ግን የጋራ ነው። ትንሹ ልጅ ከትልልቆቹ ጋር ሲቀርብ እጁ አይፈጥንም፤ የረባው ያልቅበታል። እናት ደግሞ ሌላውን አጉርሳ መጨረሻ ትበላለች። ለትንሹ ለብቻው ሳህን ማቅረብ፣ ድርሻውንም ሌላው ትሪ ከመቅረቡ በፊት ማውጣት ሳንቲም ሳያስወጣ ነገር የሚለውጥ ልማድ ነው።

ጾም ሲመጣ ይህ ይከብዳል። ረቡዕና ዓርብ፣ 55 ቀን የሚሆነው ዐቢይ ጾም፣ ፍልሰታና የቀሩት ሲደመሩ በኦርቶዶክስ ቤት በዓመት ከ180 ቀን በላይ ነው። ከሰባት ዓመት በታች ያለ ልጅ የመጾም ግዴታ የለበትም። ሆኖም እናት ድስቱ የጾም ነው ብላ እንቁላል አትቀቅልበትም፤ ልጁ ሳይጾም ይጾማል። የወፍጮ ቤቷ እናት የሕፃኗን ድስት፣ ማንኪያና ሳህን ለይታ በሌላ መደርደሪያ አስቀምጣለች፤ ምንም አላስጨነቃትም። በ2014 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የኢትዮጵያ የአመጋገብ መመሪያም ከየምግብ ምድቡ አሰባጥሮ መብላትን ይመክራል፤ በጾም ወቅት ያ ማለት ጥራጥሬ፣ ጎመን፣ ሱፍ፣ ተልባና ፍራፍሬ ሲሆን ለሕፃኑ ግን እንቁላሉ ይቀጥል።

የሕፃኗ ምጥን ሦስት እጅ እህል በአንድ እጅ ጥራጥሬ ነው፤ ገብሱና ስንዴው ከሽምብራው ጋር ታምሶ ይፈጫል። ዋናው ነገር ውፍረቱ ነው። በጡጦ የሚፈስ ቀጭን አጥሚት የልጅን ትንሽ ሆድ በውኃ ይሞላል። ገንፎው በማንኪያ ሲነሳ የማይፈስ ይሁን፤ ላዩ ላይ ዘይት ወይም የተፈጨ አቮካዶ፣ የላመ ካሮት ወይም ጎመን ይግባበት። ከስድስት ወር ጀምሮ ከጡት ጋር ይህ ይጨመራል። የልጅን ምግብ የምታቀጥን እናት ልጇን ስለማትወድ አይደለም፤ ወፍራሙን ሲተፋባት ስለምትፈራ ነው። በትንሽ በትንሹ፣ ደጋግሞ፣ ሳያስገድዱ ማለማመድ ይቻላል።

ዕቅድ ግን ያለ ገንዘብ አይሠራም። ኪራይ ደመወዙን በበላበት ቤት፣ ለሁለት ቀን ሥራ ባጣ የቀን ሠራተኛ ቤት፣ በዚህ ጽሑፍ ያለው ሁሉ ቢነበብ ጎመን አይገዛም። እንዲህ ያሉትን እናቶች ተሰብስበው ምግብ ስለማሰባጠር እንዲማሩ ብቻ መጥራት ትክክል አይመስለኝም። ትምህርቱ ከገቢ ድጋፍ፣ ከከተማ ሴፍቲኔቱና ከትምህርት ቤት ምገባው ጋር ሲሆን ነው ፍሬ የሚያፈራው።

ምገባ ካልን አይቀር፣ አዲስ አበባ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ተማሪዎችን ቁርስና ምሳ ታበላለች። ይህ የቤቱን አስቤዛ ለውጦታል፤ ትልልቆቹ ሁለቴ ስለሚበሉ የእነሱ ድርሻ ወደ ራትና ወደ ትንሿ ልጅ መዞር ይችላል። ትምህርት ሲዘጋ ግን ሁሉም ወደ ቤት ይመለሳል። ክረምት ደግሞ አዲሱ እህል ያልደረሰበት፣ ዋጋው የወጣበት፣ ፍልሰታም ያለበት ወቅት ነው። ጳጉሜ ሲያልፍ ዩኒፎርምና ደብተር ይጠብቃል። ለዚህ ነው ወሩን ብቻ ያቀደ ቤት በሐምሌ የሚንገዳገደው።

የኮልፌዎቹ እቁብተኞች አሁን የሚከራከሩት በዚህ ላይ ነው። ከፊሎቹ ኩንታሉን ታኅሣሥ ላይ መግዛት ይፈልጋሉ፤ ባቄላና አተር ከአውድማ የሚወጡት ያኔ ነውና። ሌሎቹ እስከ የካቲት እንቆይ ይላሉ፤ ሽምብራ የሚዘራው ዝናቡ ሲያቆም መረሬ መሬት በያዘው እርጥበት በመሆኑ ዘግይቶ ይደርሳል። የሚስማሙበት አንድ ነገር አለ፤ ለሦስቱ የክረምት ወራት የሚሆነው ከግንቦት በፊት ተገዝቶ መግባት አለበት። ቀሪው ክርክር የነቀዝ ነው። ሽምብራ በጥሬው ሲቀመጥ ቶሎ ስለሚነቀዝ፣ ለሽሮ የታሰበው ወዲያው ታምሶና ተከክቶ ክዳኑ በደንብ በሚገጥም ደረቅ በርሜል ይግባ ተብሏል። በርሜሉ በማን ቤት ይቀመጥ የሚለው ገና አልተወሰነም፤ ዝናብ የማያፈስ ጣሪያ ያላት አንዷ ብቻ ናት፤ እሷ ደግሞ በመስከረም ቤት ልትቀይር ነው።